ጌም መዋዋስ ቀረ?

በቀደም የእህቴ ልጅ ቤቴ መጥቶ ፊቱን ጥሎ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። “ምን ሆንክ?” አልኩት። ለልደቱ የተገዛለትን ጌም ለጎረቤት ጓደኛው ሊያውሰው ፈልጎ አልተሳካለትም። “ታዲያ አውጥተህ አትሰጠውም?” ብለው ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ “ጋሼ፣ ምኑን ነው የማወጣው? ዲስክ እኮ የለውም” አለኝ።

እውነቱን ነው። ጌሙ የተገዛው በኢንተርኔት ነው። ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ጌሙም ይሠራል። ነገር ግን ከአንዱ ልጅ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላው እጅ የሚገባ፣ በኪስ ተይዞ አጥር የሚሻገር ነገር የለም።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጌም ስጫወት የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚህ ዕድሜ ይሄን ማመን ትንሽ ያሳፍራል፤ ምን ይደረግ፣ ሆኗል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከጓደኞቼ ጋር ያልተቋጨልን አንድ ክርክር አለ፦ “ኮምፒውተር ይሻላል ወይስ ፕሌይስቴሽን?” የሚለው። እኔ የኮምፒውተር ወገን ነበርኩ። ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኘውን ሳጥን፣ ኮንሶል የሚባለውን፣ የልጆች መጫወቻ እያልኩ አንቋሽሸው ነበር። ክርክራችን ስለ ሥዕሉ ጥራት፣ ስለ ፍጥነቱ፣ “ኪቦርድ ይመቻል ወይስ ጆይስቲክ?” ስለሚለው ነበር። የእህቴ ልጅ ከሄደ በኋላ ግን ነገሩን ሳወጣው ሳወርደው፣ ለካ ዋናውን ጥያቄ ሳናነሳው ነው የኖርነው። ጥያቄው “የቱ ይሻላል?” ሳይሆን “የማን ነው?” የሚለው ነበር።

ታሪኩን ከሥሩ እንየው። እ.ኤ.አ. በ1962 ኤም አይ ቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ “ስፔስ ዋር” የተባለ ጌም ሠሩ። የሠሩበት ኮምፒውተር ዋጋው ወደ 120 ሺህ ዶላር ነበር። ጌሙን ግን ማንም አልሸጠውም። የፈለገ ይገለብጠዋል፤ የቻለ ያሻሽለዋል። አንዱ ከበስተጀርባው የእውነተኛውን ሰማይ ከዋክብት ጨመረበት፤ ሌላው ደግሞ መንኮራኩሮቹን ወደ መሐል የሚጎትት የስበት ኃይል ጨመረ። የኮምፒውተር ጌም እንግዲህ ሲወለድ እንደ ጽዋ ማኅበር ነበር፤ ሁሉም ያለውን ይዞ ይመጣል።

ኮንሶል ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ መጣ። ራልፍ ቤር የተባለ መሐንዲስ “በየሰዉ ቤት የተቀመጠው ቴሌቪዥን ከማሳየት ሌላ ምን ሊሠራ ይችላል?” ብሎ ሲያስብ የነደፈው ሳጥን በ1972 “ኦዲሲ” ተብሎ ለገበያ ቀረበ። ይህኛው ልደቱም ሱቅ ውስጥ ነው። ሳጥኑን ትገዛለህ፣ ትሰካለህ፣ ትጫወታለህ፤ በቃ። ውስጡን ማወቅ አይጠበቅብህም።

በ1977 ደግሞ ሁለቱ መንገዶች ቁልጭ ብለው ታዩ። በዚያው ዓመት የአታሪ ኮንሶልም አፕል ሁለት የተባለው የቤት ኮምፒውተርም ገበያ ወጡ። የሚገርመው ነገር የሁለቱ ዝምድና ነው። የአፕል ሁለት ፈጣሪ ስቲቭ ዎዝኒያክ ቀደም ሲል “ብሬክአውት” የተባለውን የአታሪ ጌም በመሥራት ተሳትፎ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ቀለም፣ ድምፅና መጫወቻ እጀታ የጨመረው ያንን ጌም ራሱ በጻፈው ፕሮግራም ለመጫወት ፈልጎ እንደሆነ ሰውየው ራሱ ተናግሯል። ለቁም ነገር ነው የምንለው ኮምፒውተር ገና ከጅምሩ ጌም በደሙ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ውድቀት መጣ። ለአታሪ ጌም መሥራት የሚከለክለው ስላልነበረ፣ ያወቀም ያላወቀም እየሠራ ገበያውን አጥለቀለቀው። በ1983 የአሜሪካ የጌም ገበያ ተንኮታኮተ፤ አታሪ ራሱ ያልተሸጡ ካሴቶቹን ጭኖ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ውስጥ ቀበረ። ወሬ ነው ሲባል ኖሮ በ2014 ተቆፍሮ ወጣ።

ከዚህ ውድቀት ትምህርት የወሰደው የጃፓኑ ኒንቴንዶ ነው። በ1985 አሜሪካ ሲገባ ሳጥኑ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቺፕ ይዞ ገባ። በካሴቱ ውስጥ ያለችውን የቺፗን እኅት ካላገኘ ሳጥኑ ጌሙን እሺ ብሎ አያጫውትም። ጌም የሚሠሩ ድርጅቶች ፈቃድ መጠየቅ ግድ ሆነባቸው፤ በዓመት ከአምስት ጌም በላይ እንዳያወጡም ተገደቡ፤ ካሴቱን የሚያመርተውም ኒንቴንዶ ራሱ ሆነ። ይሄ አምባገነንነት ነው ብዬ ስከራከር ኖሬያለሁ። ፍርደ ገምድል ላለመሆን ግን የሌላውንም ወገን ልናገር፦ ያ ቁልፍ ገበያውን ከሞት አንስቶታል። ወላጅ ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ጌም ቢያንስ እንደሚሠራ እርግጠኛ ሆነ።

ኮምፒውተሩ በዚህ ጊዜ በሌላኛው መንገድ እየሄደ ነበር። በታኅሣሥ 1993 “ዱም” የተባለው ጌም ሲወጣ የመጀመሪያው ክፍል በነፃ ነው የተለቀቀው። “ውሰዱ፣ ገልብጡ፣ ለጓደኛችሁ ስጡ፤ ከወደዳችሁት ቀሪውን ግዙ” ዓይነት ነገር ነው። የጌሙ ካርታዎችና ሥዕሎች ከዋናው ፕሮግራም ተለይተው የተቀመጡ ስለሆኑ ተጫዋቹ የራሱን መሥራት ይችላል። ይህ ልማድ ፍሬ አፈራ። በ1999 ሁለት ወጣቶች ሚን ሊ እና ጄስ ክሊፍ “ሃፍ ላይፍ” የተባለውን ጌም ለዋውጠው “ካውንተር ስትራይክ”ን አወጡ። ዓለምን ያዳረሰው ጌም የተጸነሰው የሰው ጌም በመነካካት ነው። በተቆለፈው ሳጥን ላይ ይህ የሚታሰብ አልነበረም።

ይህ ሁሉ እኛ ጋ ሲደርስ ግን መልኩን ቀየረ። አሜሪካ ውስጥ ኮንሶል የአንድ ቤተሰብ ሳሎን ዕቃ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሰፈር ሆነ። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ውስጥ በየመንደሩ ጌም ቤት ተከፈተ። አንድ ክፍል፣ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር። ሂሳቡ በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ይነሳል፣ ተራ የያዘ ይቀመጣል። ስንጫወት የነበረው “ዊኒንግ ኢለቨን” ጃፓንኛ ስለነበር የትኛው ጽሑፍ ተጫዋች መቀየሪያ፣ የትኛው ታክቲክ እንደሆነ በቃላችን ሸምድደን ነበር የምንጫወተው። ጃፓንኛ ማንበብ የሚችል አንድም ሰው አልነበረም፤ የሚሳሳትም አንድም ሰው አልነበረም። ዘጠናኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሲሄድ “ሂሳቡን ማን ይከፍላል?” የሚለው ጭቅጭቅ ራሱን የቻለ ጨዋታ ነበር።

ሶኒ የቆለፈው ሳጥንም እኛ ጋ ሲደርስ ተከፍቷል። ፕሌይስቴሽን ኦሪጅናል ዲስክ ካላየ አይሠራም። የሰፈሩ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ግን ካውያውን አሙቆ አንዲት ቺፕ ይበይድበታል፤ ከዚያ በኋላ የተገለበጠውን ሁሉ ያጫውታል። ሕጋዊ ነበር? አልነበረም። ጌሙን ለሠሩት ሰዎች አምስት ሳንቲም አልደረሳቸውም፤ ይሄን ማድበስበስ አይገባም። ግን በዚያ መንገድ ባይሆን ኖሮ የእኔ ትውልድ ጌም የሚባል ነገር በዓይኑም ባላየ ነበር።

ኮምፒውተር በተቃራኒው በእኛ አገር የብቸኛ ሰው ዕቃ ነበር። እኔ የለመድኩት ዘመድ መሥሪያ ቤት፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ በፍሎፒ በመጣ “ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ” ነው። ኋላ ራሴ ያገለገለ ኮምፒውተር ስገዛ የሰፈራችንን መንገድ በጌም ካርታ ልሠራ ተነሳሁ። ወፍጮ ቤቱን ጨረስኩ፤ የጌም ቤቱን በር ጀመርኩ፤ ከዚያ ሰለቸኝና ተውኩት። ይሁን እንጂ እነዚያ ጥቂት ሳምንታት ከተጫወትኩት ጌም ሁሉ የበለጠ አስተምረውኛል። የጌም ቤት ጓደኞቼ ግን “ብቻህን ተቀምጠህ ከግድግዳ ጋር የምትጣላው ምን ሆነህ ነው?” እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሁለታችንም ልክ ነበርን። የተቆለፈው ሳጥን ጓደኛ ሰጠ፤ የተከፈተው ሳጥን ሙያ ሰጠ።

ታዲያ የእህቴ ልጅ ጌም ሳይዋዋስ የቀረው በማን ጥፋት ነው? እዚህ ላይ ነው ኩራቴ የሚተነፍሰው። በሩን አስቀድሞ የዘጋው የእኔ ወገን ነው። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በ2003 “ስቲም” የተባለውን የኢንተርኔት አገልግሎት ጀመረ፤ በ2004 “ሃፍ ላይፍ 2” ሲወጣ ዲስኩን ከሱቅ የገዛው ሰው ሳይቀር በስቲም መመዝገብ ግድ ሆነበት። አንዴ በአንድ ሰው ስም የተመዘገበ ዲስክ ለሌላው ሰው ባዶ ሳህን ነው። መጀመሪያ አጉረመረምን። ቅናሽ ሲመጣ ዝም አልን። “ክፍት ነው፣ የራሳችን ነው” ስንል የኖርነው ሰዎች የራሳችንን ቁልፍ በርካሽ ሸጥን።

ኮንሶሎቹ እንዲያውም ከእኛ የበለጠ ታግለዋል። በ2013 ማይክሮሶፍት አዲሱን ኤክስቦክስ ሲያስተዋውቅ ያገለገለ ጌም መሸጥና ማዋስን የሚገድብ አሠራር ይዞ መጣ። ሶኒ መልስ የሰጠው ግማሽ ደቂቃ በማትሞላ ፊልም ነው፤ ጌም እንዴት እንደሚዋዋስ ልታስተምር የተሠራች ፊልም ናት። አንድ ሰው ዲስኩን ለሌላው ያቀብለዋል፣ ያኛው አመስግኖ ይቀበላል፣ አለቀ። ሕዝቡ ጮኸ፤ ማይክሮሶፍት በዚያው ወር ሐሳቡን ቀየረ። ግን ድሉ አልዘለቀም። ያቺን ፊልም የሠራው ሶኒ ራሱ በ2020 ዲስክ ማስገቢያ የሌለው ፕሌይስቴሽን 5 ይዞ ወጣ።

መጨረሻው ምን እንደሚመስል በ2024 ታየ። በ2014 የወጣው “ዘ ክሩ” የተባለ የመኪና እሽቅድምድም ጌም በመጋቢት 2024 አገልግሎቱ ተዘጋ። ከኢንተርኔት ጋር ካልተገናኘ የማይሠራ ስለነበር፣ ብቻውን የሚጫወተውም ሰው፣ ዲስኩ እጁ ላይ ያለውም ሰው እኩል ባዶ እጁን ቀረ። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ሕግ አወጣች፤ ሻጩ “ይህ ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አይደለም” ብሎ ለገዢው በግልጽ እንዲናገር የሚያስገድድ ሕግ። አውሮፓ ውስጥም የተሸጠ ጌም እንዳይገደል የሚጠይቅ አቤቱታ በ2025 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ ሰብስቧል። ኮምፒውተሩ ጋ ደግሞ ጌምን ያለ ቁልፍ የሚሸጥ ጂ ኦ ጂ የተባለ የፖላንድ ሱቅ ከ2008 ጀምሮ አለ። ስለዚህ ነገሩ ጨርሶ አልጨለመም። ግን “ኮምፒውተር ወይስ ፕሌይስቴሽን?” እያልን ስንጨቃጨቅ ሁለቱም ከእጃችን እያመለጡ መሆኑን ልብ ማለት ነበረብን።

የእህቴን ልጅ “ጓደኛህን ጥራውና እዚሁ ተጫወቱ” አልኩት። መጣ። ሁለቱ ሲንጫጩ እኔ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን አሮጌ ካርቶን አወረድኩ። ውስጡ የተጫጫረ ዲስክ አለ፤ ላዩ ላይ በማርከር “ዊኒንግ” ተብሎ ተጽፏል። ጽሕፈቱ የእኔ አይደለም። ዲስኩም የእኔ አይደለም። ያዋሰኝ ልጅ ዛሬ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው፤ የሦስት ልጆች አባት ሆኗል። ለበዓል በተደዋወልን ቁጥር፣ ገና የጤናዬን ሳይጠይቀኝ፣ “ዲስኬስ?” ይለኛል።