የቆላ ሙቀትን መልመድ

የቆላ ሙቀትን መልመድ የሰው ገላ በሙቀት ውስጥ ደጋግሞ በመሥራት የሚያገኘው ጽናት ነው። በምዕራብ ጎንደር፣ በተለይም በመተማና በቋራ፣ ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ በየዓመቱ ከደጋና ከወይና ደጋ ብዙ የጉልበት ሠራተኞች ይወርዳሉ። በቀዬው ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የሚውል ብርቱ ገበሬ እንኳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ ይዝላል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ልብ ለሚሠራው ጡንቻም፣ ሙቀት ለሚያስወጣው ቆዳም በአንድ ጊዜ ደም ማድረስ ስላለበት ነው።

በየቀኑ በሙቀት የሚሠራ ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይለምዳል። መጀመሪያ የደሙ ፈሳሽ ክፍል ይጨምራል፣ የልብ ምቱም ይረግባል። ቀጥሎ ላብ ቀድሞ ይጀምራል፣ በብዛት ይወርዳል፣ ጨውነቱም ይቀንሳል። ስለዚህ የለመደ ሰው የሚያስፈልገው ውሃ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

አዲስ መጤ በመጀመሪያው ቀን ከሙሉ ሥራው 20 በመቶ ያህል ሠርቶ በየቀኑ ያንኑ ያህል ቢጨምር ይመከራል። ሰሊጥ ግን ሲደርቅ ቆባው ተከፍቶ ፍሬው ስለሚረግፍ አጨዳው ያጣድፋል፤ አደጋው የሚበረታውም በዚህ ጥድፊያ ነው። የሚቃዥ ወይም ራሱን የሳተ ሠራተኛ ወዲያው ወደ ጥላ ተወስዶ ገላው በውሃ መቀዝቀዝና ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። ትኩሳት ከሰነበተ ደግሞ በአካባቢው የሚገኙት ወባና ካላዛር መመርመር ይኖርባቸዋል።

ወደ ደጋ የተመለሰ ሰው ልምዱን በአንድ ወር ገደማ ያጣል፤ በዓመቱ ሲወርድ እንደ አዲስ መጀመር አለበት።