መለኮታዊ ምርጫና ምልክቱ፦ ከዳሪን እስከ መጻሕፍተ መነኮሳት

መለኮታዊ ምርጫ እግዚአብሔር ሰውን ለመዳን የሚጠራበትና የራሱ የሚያደርግበት ፈቃድ ነው። ትምህርቱ በተለይ ከሮሜ 8–11፣ ከኤፌሶን 1 እና ከ2ኛ ጴጥሮስ 1 ይቀዳል። ምርጫ ከጸጋ እንደሆነ ክርስቲያኖች ይስማማሉ፤ የሚለያዩት የሰው ፈቃድ ባለው ድርሻ ነው። አውግስጢኖስ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ጸጋ ከሰው ውሳኔ እንደሚቀድም አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1618–1619 የተሰበሰበው የዶርት ሲኖዶስ የካልቪንን መንገድ ተከትሎ ምርጫው በሰው ላይ ቀድሞ በታየ እምነት እንኳ እንደማይመሠረት ወሰነ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶን ጨምሮ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ግን የሰው ነጻ ፈቃድ በአምላክ ቅድመ ዕውቀት ውስጥ ስፍራ እንዳለው ያስተምራሉ። ይህ ክርክር ለዘመናት አልበረደም። አንድ ሰው የተመረጠ መሆኑ በምን ይታወቃል ለሚለው ጥያቄ ግን ጥሩ መልስ የመጣው ዛሬ ደማምና ኾበር ከሚገኙበት የባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ነው።

ይህ ዳርቻ በሱርስት ጸሐፍት ዘንድ ቤት ቃጥራዬ የሚባለው አገር ክፍል ነበር። ከደማም በስተ ሰሜን፣ በታሩት ደሴት በምትገኘው ዳሪን፣ የምሥራቅ ሶርያ ቤተ ክርስቲያን ካቶሊኮስ ጊዮርጊስ 1ኛ እ.ኤ.አ. በ676 ሲኖዶስ ሰበሰበ። ጉባኤው ጋብቻ በመስቀልና በካህን ቡራኬ እንዲፈጸም፣ ቀብርም ከውድ ልብስና ከዋይታ እንዲርቅ ደነገገ፤ የተጠራ ሕዝብ በሠርጉና በለቅሶው ሊታወቅ ይገባል ማለቱ ነው። መነኩሴውና ጸሐፊው ማር ይስሐቅም የዚሁ አገር ሰው ነው። ያው ካቶሊኮስ የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ ሾመው፤ እርሱ ግን አምስት ወር ያህል ቆይቶ መንበሩን ትቶ መነነ። ለእርሱ የጸጋ ምልክት ሹመት ሳይሆን ለሰው፣ ለአዕዋፍ፣ ለአራዊት፣ ለአጋንንት ሳይቀር የሚራራ ልብ ነው። ራሱን ከሌላው የተሻለ አድርጎ የሚቆጥር ሰው እንግዲህ ከምልክቱ ርቋል።

ይህ መዳንን በሥራ ማድረግ አይሆንምን ተብሎ ይጠየቃል። አይሆንም፤ ጢስ እሳት መኖሩን ይናገራል እንጂ እሳቱን አያቀጣጥልም። ያዕቆብና ዔሳው ገና ሳይወለዱ አንዱ ተመረጠ የሚለው የሮሜ 9 ቃልም ይህን አያፈርስም፤ ጳውሎስ ያንኑ ክርክር በምዕራፍ 11 የሚያሳርፈው እግዚአብሔር ሁሉን ሊምር እንደወደደ በመናገር ነውና። ርኅራኄ በአስመሳይም ዘንድ ይታያል የሚል ካለ እውነት ብሏል። ስለዚህ ምልክቱ የተሰጠው ራስን ለመመርመር እንጂ በሌላው ላይ ለመፍረድ አይደለም።

የቤት ቃጥራዬ ትምህርት በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ ተሻግሮ ከመጻሕፍተ መነኮሳት ሁለቱን ሆነ፤ አንዱ ማር ይስሐቅ፣ ሁለተኛው ፊልክስዩስ ነው። ፊልክስዩስ በተዋሕዶው የመንቡግ ጳጳስ ስም ቢጠራም፣ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት የቤት ቃጥራዬው ዳድኢሾ ድርሰት ነው። ደራሲዎቹ የምሥራቅ ሶርያ ቤተ ክርስቲያን አባላት፣ በባሕርየ ክርስቶስ ትምህርትም ከተዋሕዶ የተለዩ ነበሩ። አንባቢዎቹ ይህን ሳያውቁ ተቀበሏቸው ቢባል እንኳ መከራከሪያው ይጠነክራል፤ ሊቃውንቱ መጻሕፍቱን የተረጎሙትና በአንድምታ ያብራሩት በውስጣቸው ባገኙት የቅድስና ፍሬ ነውና።

ዛሬ በሳዑዲ ዓረቢያ ቤተ ክርስቲያን መሥራትና በአደባባይ ማምለክ አይፈቀድም። በደማምና በኾበር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ክርስቲያን ሰንበትን በቅዳሴ፣ ጥምቀትን በታቦት ፊት ልታሳልፍ አትችልም። መመረጥ በእነዚህ ብቻ የሚታወቅ ቢሆን ኖሮ ምልክቱ በጠፋባት ነበር። በማር ይስሐቅ መለኪያ ግን ምንም አልጎደለባትም፤ ለበደላት ከጸለየች፣ ከደመወዟም ለታመመች የአገሯ ልጅ ካካፈለች የመጠራቷ ማስረጃ በእጇ ነው። ስለዚህ ስለ መመረጡ የሚጨነቅ ክርስቲያን ተሰውሮ ያለውን የአምላክ ውሳኔ ከመመርመር ይልቅ ምሕረት ያደርግ ዘንድ ይትጋ።