የጁገል ካሴቶችና ጀርባው ክፍት የሆነ ማዳመጫ

በሐረር ጁገል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል። ስሙን የሰጡት በመንገዱ ግራና ቀኝ ተቀምጠው የሚሠሩት የልብስ ሰፊዎች መኪኖች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከመንገዱ ብዙም በማይርቅ አንድ የሐረሪ ቤት ውስጥ፣ ነደባ ላይ ተቀምጦ፣ ከካሴት የተገለበጠ የቆየ ዚክሪ ውድ በሚባል ማዳመጫ ሲያዳምጥ ከከበሮው ኋላ ቀጭንና ፈጣን ትክትክታ ሰማ። ከበል ከሚያማቱት ሰዎች አንዱ ከጓደኞቹ ቀድሞ የሚሮጥ መስሎት ደጋግሞ ወደኋላ እየመለሰ አደመጠ። ቅጂው ቆሞም ትክትክታው ቀጠለ። የቤቱ በር ክፍት ነበር፤ የማዳመጫውም ጀርባ እንዲሁ። ሲመታ የነበረው የልብስ ሰፊው መኪና ነበር።

ነገሩ ቢያስቅም ስለነዚህ ማዳመጫዎች መታወቅ ያለበትን ዋና ጉዳይ ይነግረናል። ማዳመጫዎች በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ጀርባቸው በፕላስቲክ ወይም በእንጨት የተደፈነና ጀርባቸው በወንፊት ብቻ የተሸፈነ። ድምፅ የሚያወጣው ስስ ሽፋን ወደ ጆሮ ሲገፋና ሲመለስ ከኋላውም ያንኑ ያህል ድምፅ ይፈጠራል። ጀርባው ከተደፈነ ይህ የኋላ ድምፅ ግድግዳውን መትቶ ይመለስና ከአዲሱ ጋር ይደባለቃል። ክፍት ከሆነ ግን ወጥቶ ይሄዳል። በዚህም ምክንያት ክፍቱ ማዳመጫ «ሣጥን ውስጥ ያለሁ» የሚያሰኝ ስሜት የለውም፤ ዘፋኙ ጭንቅላት ውስጥ ሳይሆን ፊት ለፊት ያለ ይመስላል። ዋጋው ደግሞ ውጭ ያለው ሁሉ ይገባል፣ ውስጥ ያለውም ሁሉ ይወጣል። የጀርመኑ ዜንሃይዘር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1968 ቢጫ ስፖንጅ ያለውን ኤችዲ 414 የተባለ ማዳመጫ ለገበያ ካቀረበ ጀምሮ፣ ቤታቸው ተቀምጠው ሙዚቃ በጥሞና የሚያዳምጡ ሰዎች በአብዛኛው ይህንን ዓይነት ይመርጣሉ።

ለመሆኑ ሐረርን ከዚህ ጉዳይ ጋር ምን ያገናኛታል? በከተማዋ አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የተባሉ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ የሐረርን ቅርስ ከየቤቱ ሲያሰባስቡ ቆይተው የራሳቸውን ሙዚየም መሥርተዋል። በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት፣ ሳንቲሞች፣ አልባሳትና ጌጣጌጥ በብዛት ይገኙበታል። ከስብስባቸው መካከል ከጎብኚ ዓይን የሚሰወረው ግን የድምፅ ቅጂው ነው፤ በካሴትና በክር የተቀዱ የቆዩ የሐረሪ ዘፈኖች። ከዚህ ስብስብ ውጭም በየቤተሰቡ ቁም ሳጥን ውስጥ የሠርግ፣ የዚክሪና የበዓል ካሴት ያልተቀመጠበት ቤት ማግኘት የሚያስቸግር ይመስለኛል። በዓለም ቅርስነት እ.ኤ.አ. በ2006 የተመዘገበው በግንብ የታጠረው ጁገል ነው። የሸዋል ኢድ በዓል ደግሞ በማይዳሰስ ቅርስነት እ.ኤ.አ. በ2023 ተመዝግቧል። ካሴቱ ግን ማንም ይመዝግበው ማንም አይመዝግበው በየዓመቱ ይደርቃል።

ማዳመጫው እዚህ ላይ ከጌጥነት አልፎ የሥራ መሣሪያ ይሆናል። ካሴቱን ወደ ኮምፒዩተር የሚገለብጥ ሰው የክሩን ሽሽታ ለማጥፋት በሶፍትዌር ያጸዳዋል። ምን ያህል ማጽዳት እንዳለበት የሚወስነው በጆሮው ነው። ማዳመጫው ቀጭን ድምፆችን ከልክ በላይ የሚያጎላ ከሆነ ሽሽታው ከእውነቱ በላይ ይረብሸውና አብዝቶ ይቆርጣል። አብዝቶ ሲቆርጥ አብሮ የሚሄደው የከበሉ ጫፍ ነው። ከበል ከእንጨት የተሠራ ማጨብጨቢያ ነው፤ ከከረቡ ጋር ዚክሪውን የሚመራው እሱ ነው። ደረቁ «ቋ» የሚለው ምት ከሽሽታው ጋር በአንድ ሠፈር ስለሚኖር አንዱን ነቅሎ ሌላውን መተው ቀላል አይደለም። ዋናው ካሴት ተጥሎ የጸዳው ብቻ ከቀረ ደግሞ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ጥሬው ቅጂ ሳይነካ እንዲቀመጥ ማድረግ ከማንኛውም የማዳመጫ ግዢ ይቀድማል።

ድምፁን እንዴት እንፈትሽ?

ሁለት ማዳመጫዎችን ሲያወዳድሩ በቅድሚያ የድምፃቸውን መጠን እኩል ያድርጉ። ሻጮች ይህንን በደንብ ያውቃሉ፤ በጥቂቱ ከፍ ብሎ የተከፈተ ሁልጊዜ «የተሻለ» ይመስላል። መጠኑ እኩል ሳይሆን የተሰጠ አስተያየት የማንም ይሁን የማን ዋጋ የለውም። ከተቻለ ደግሞ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ፣ ሌላ ሰው እያቀያየረልዎ ያዳምጡ። የዋጋው ወረቀት ከጆሮ በፊት እንደሚናገር ለመረዳት ይህ ሙከራ አንድ ጊዜ ይበቃል።

ቀጥሎ በአንድ ማይክራፎን የተቀዳ ቅጂ ይምረጡ። በቤት ውስጥ የተቀዱ አሮጌ ካሴቶች ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፤ በግራና በቀኝ አንድ ዓይነት ድምፅ ይወጣል። መሪው ድምፃዊ በትክክል መሀል ላይ መቆም አለበት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ማዳመጫውን ገልብጠው ያድርጉት። ዝንባሌው አብሮ ከተገለበጠ ጉድለቱ ወይ የማዳመጫው ወይ የቴፑ ነው። በዚያው ጎን ከቀረ ግን የራስዎ ጆሮ ነውና ከቴክኒሽያን በፊት የጆሮ ሐኪም ማየቱ ላይከፋ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የሰው ድምፅ ነው። በዚክሪ አንድ መሪ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ጥሩ ማዳመጫ ተቀባዮቹን እንደ አንድ ግድግዳ አያቀርባቸውም። ሸምገል ያለውን፣ ጎረምሳውን፣ ዘግይቶ የገባውን፣ ትንፋሽ ያጠረውን ለይቶ ያሰማል። የዜንሃይዘር ኤችዲ 600 እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ፣ ታናሽ ወንድሙ ኤችዲ 650 ደግሞ ከ2003 ጀምሮ ስማቸው የቆየው በዚህ በኩል ስለሚያስተማምኑ ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2009 በ1,400 ዶላር ገደማ የወጣው ኤችዲ 800 ስፋቱና ጥራቱ ቢወደስም 6 ሺሕ ሄርዝ አካባቢ የሚጎላ ሹል ድምፅ እንዳለው በሰፊው ይታወቃል። ኩባንያውም ኋላ ላይ ኤችዲ 800 ኤስ በተባለው ሞዴል ይህንን ለማለዘብ ድምፅ መምጠጫ ጨምሮበታል። ለካሴት የሚሆነው የትኛው ነው ቢሉኝ፣ ርካሹን እመርጣለሁ። ካሴት በሹል ማዳመጫ ማዳመጥ በአሸዋ የተሞላ ጫማ እንደመልበስ ነው።

ከበሮው ሌላ ፈተና ነው። ከረቡ ሲመታ እጁ ቆዳውን የነካበት ቅጽበትና ከዚያ የሚከተለው ወፍራም ግምታ ተለያይተው መሰማት አለባቸው። የተለመደው ዓይነት ክፍት ማዳመጫ እጅግ ወፍራም በሆኑት ድምፆች ላይ ይሳሳል፤ ይህ የክፍትነቱ ዕዳ ነው። እንደ አሜሪካው ኦዲዚና እንደ ቻይናው ሃይፋይማን ያሉ፣ ሰፊ ስስ ሽፋን በማግኔቶች መካከል ዘርግተው የሚሠሩ ኩባንያዎች በዚህ በኩል ይበልጣሉ። ዕዳው ግን በክብደት ይከፈላል፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

የሐረር ቅጂ በእጁ የሌለው አንባቢ አዲስ አበባም ሆነ ውጭ አገር ተቀምጦ በሚያገኛቸው የአገር ውስጥ ሥራዎች መፈተሽ ይችላል። «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ ሲዲ ውስጥ 11ኛው የዓለሙ አጋ በገና ነው። የበገና ክሮች ከሥራቸው ባለው ቆዳ ምክንያት ይነዝራሉ። ጥሩ ማዳመጫ ላይ ንዝረቱና የክሩ ዋና ድምፅ ሁለት ሆነው፣ ግን ከአንድ ቦታ ይመጣሉ። ደካማ ማዳመጫ ላይ የተቀደደ ስፒከር ይመስላል። በ21ኛው ላይ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ አለ። እዚያ ላይ የሚጠበቀው ነጠላ ምት ተመትቶ እስኪሞት ድረስ መከተል ነው።

«እስከ 40 ሺሕ ሄርዝ» የሚለው የካርቶን ላይ ጉራ ለዚህ ሥራ ፋይዳ የለውም። ጤናማ ወጣት ጆሮ እንኳ 20 ሺሕ አካባቢ ያቆማል፤ ዕድሜ ሲገፋ ከዚያም በታች ይወርዳል። በመደበኛ ካሴት ላይ ደግሞ ከ15 ሺሕ በላይ የሚተርፍ ነገር ጥቂት ነው። ገንዘቡ ተርፎ ከሆነ የቴፑን ሔድ አስጠርጎ አቅጣጫውን ማስተካከል ይሻላል። ሔዱ ጥቂት ከዘመመ ቀጫጭኑ ድምፅ ይጠፋል፤ ምንም ዓይነት ማዳመጫ አይመልሰውም።

ምቾት

ብዙ ሰው ማዳመጫ የሚሞክረው ሱቅ ውስጥ ለ5 ደቂቃ ነው። በ5 ደቂቃ የማይመች ማዳመጫ የለም። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ የባለ 90 ደቂቃ ካሴት አንድ ጎን ነው፤ 45 ደቂቃ ሳያወልቁ፣ ሳያስተካክሉ። ጎኑ ሳያልቅ እጅዎ ወደ ራስዎ ከሄደ ማዳመጫው ወድቋል። የደከመ ጆሮ ደግሞ የተሳሳተ ውሳኔ ይወስናልና ምቾት የድምፅ ጥራት አንዱ ክፍል ነው።

ክብደት በመጀመሪያ ይታያል። ኤችዲ 600 ወደ 260 ግራም ነው። የኦዲዚ ኤልሲዲ 2 ግማሽ ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ግማሽ ኪሎ ስኳር አናት ላይ አስቀምጦ አንድ ሰዓት መቀመጥን ያስቡት። ቢሆንም ክብደት ብቻውን አይፈርድም። ዋናው ከራስ በላይ የሚያልፈው ቅስት ጫናውን እንዴት እንደሚያካፍለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የኤኬጂ ኬ 701 ቀላል ሆኖ ሳለ በቅስቱ ቆዳ ሥር ያሉት ጉብታዎች አናት ይወጋሉ ተብሎ ለዓመታት ተተችቷል።

የአገራችን ሰው አናት ላይ ያለውን ደግሞ የሠሪዎቹ መሐንዲሶች አስበውበት አያውቁም። ኮፊያ ያደረገ ሰው ቅስቱ ስለማይወጋው ይጠቀማል፤ ኮፊያው ጆሮ ላይ እስካልወረደ ድረስ ድምፁ አይነካም። ሻሽ ወይም ሒጃብ በጆሮና በትራሱ መካከል ሲገባ ቀጫጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል፤ ሻሹ ስስ ከሆነ ጉዳቱ ያንሳል። ከሁሉም የሚከብደው ጉፍታ ነው። ያገባች የሐረሪ ሴት ፀጉሯን ከጆሮዋ ኋላ በሁለት ጉንጉን ከፍላ በጉፍታ ትሸፍነዋለች፤ ማዳመጫው ተዘግቶ የሚቀመጥበት ቦታ ደግሞ በትክክል እዚያው ነው። ትራሱ ከኋላ ይነሳል፣ ወፍራሙ ድምፅ ይፈሳል። እንዲህ ላለው ትራሱ ጥልቅና ለስላሳ የሆነ፣ ወይም እንደ ጥንቱ 414 ጆሮ ላይ የሚያርፍ ዓይነት ይሻላል። መነጽር የሚያደርጉም የዚህ ችግር ተካፋዮች ናቸው፤ አዲስ ሲሆን አጥብቆ የሚጨምቅ ማዳመጫ የመነጽሩን ዘንግ ወደ ጆሮ ሥር ይገፋዋል።

በበርጫ ሰዓት ማዳመጫ የሚሞክር ሰውም ይኑር። መንጋጋ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ትራሱ ይላወሳል፤ የማኘኩ ድምፅም በአጥንት በኩል ወደ ጆሮ ይመጣል። በዚያ ሰዓት የተሰጠ ፍርድ ስለ ማዳመጫው ሳይሆን ስለ ቅጠሉ ነው።

የትራሱ ልብስ ከፋይ ከሆነ ላብ አይዝም፣ ግን አቧራ ይሰበስባል። ቆዳ ከሆነ ይጠረጋል፣ ግን ያሞቃል። የትኛውም ቢሆን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይሰምጣል፤ ሲሰምጥ ድምፁም ይለወጣል። ስለዚህ ተለዋጭ ትራስና ገመድ የሚገኝለት መሆኑን ከመግዛት በፊት መጠየቅ ይገባል።

ኃይልን በተመለከተ ኤችዲ 600፣ 650 እና 800 ባለ 300 ኦም ናቸው። ስልክ ላይ ቢሰኩ ይጮኻሉ እንጂ በሚገባ አይዘፍኑም። አነስተኛ አምፕሊፋየር ያስፈልጋቸዋል። አምፕሊፋየሩ «ምም» የሚል የመብራት ድምፅ ካሰማ ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅለው በባትሪ ይሞክሩት።

የሐረሪ ቤት ለዚህ ዓይነት ማዳመጥ የተመቸ ነው። ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ግንብ ነው። ነደባው ላይ ምንጣፍና ትራስ ተደራርቦ ይገኛል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሞሶቦችም የድምፅን መመለስ ይሰብራሉ። የሚያስቸግረው በሩ ነው። ክፍት ከሆነ መንገዱ ሁሉ ማዳመጫው ውስጥ ይገባና ሰው ሳያውቀው ድምፁን ከፍ እያደረገ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ገደብ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 83 ላይ 20፣ 86 ላይ 10 ይሆናል። በመኪና ግርግር አካባቢ የሚያዳምጥ ሰው ወይ በሩን ይዝጋ፣ ወይ ልብስ ሰፊዎቹ ሥራ ሳይጀምሩ በማለዳ ይቀመጥ።