የአዲስ አበባ ሠፈርና የልጆች ጠባይ

የልጅ ጠባይ ሲበላሽ ተወቃሾቹ ወላጅና መምህር ናቸው። ቤቱን የነደፈው፣ ግቢውን የከፋፈለው፣ ኪራዩን የወሰነው ሰው ስሙ አይነሣም። የአዲስ አበባን ሠፈሮች ታሪክ ለተመለከተ ግን እኛ መሐንዲሶችም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለንም።

ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ ሠፈሮቿ የተስፋፉት በመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ እንደ ነበር ደጃች ውቤ ሠፈርን የመሳሰሉ ስሞች ይመሰክራሉ። ጌታና ሎሌ ተጎራብተው ስለ ኖሩ የባለጠጋውም የድኻውም ልጅ በአንድ ሜዳ ይጫወት ነበር። (እኩል ነበሩ ማለቴ ግን አይደለም።)

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ለጥገና የሚበቃ ገቢ ስላልነበረ ጭቃው ረገፈ፣ ማገሩ ተጋለጠ፣ ቆርቆሮው ዛገ። በሙያችን ሚዛን ውድቀት ነው። ሆኖም ያው ርካሽ ኪራይ ቤተሰብን በቦታው አጸናው፤ አያት በኖረበት ክፍል የልጅ ልጅ ተወለደ።

በእንዲህ ያለው ግቢ ቧንቧው አንድ፣ መጸዳጃው የጋራ ነው፤ በር ከበር ይተያያል። ልብስ የምታጥበዋ፣ ቡና የምትቈላዋ፣ ፀሐይ የሚሞቁት አዛውንት ሁሉ ልጁን በስሙ ያውቁታል፤ ቢያጠፋ ይቈጡታል፤ እናቱም ቤት ሲገባ ትደግመዋለች እንጂ አትቀየምም። ነገ በዕድር ድንኳን አብሮ ለቅሶ የሚቀመጥ ጎረቤት ልጅ ቢገሥጽ ምን ያስቀይማል? ይህ ሥልጣን ከባህል ብቻ የመነጨ አይመስለኝም፤ አብሮ ከመቆየትና ከመተያየትም ነው።

ይሁን እንጂ ሠፈርን ማሞገስ ብቻ እውነቱን ይሸፍናል። አንዱ ክፍል መኝታም፣ ማድ ቤትም፣ ጠላ መሸጫም በሆነበት ቤት ያደገ ልጅ የሚያጠናው በሰካራም ጫጫታ መካከል ነበር። የከፋው ደግሞ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ታየ። በቀይ ሽብር ወቅት የቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ፣ የማን ልጅ የት እንደሚያድር፣ ከማንስ ጋር እንደሚውል የሚያውቀው ያው ጎረቤት ነበር። የሚጠብቀው ዐይን የሚጠቁም ዐይን ሊሆን ቻለ፤ ወላጆችም ልጃቸውን ከገዛ ሠፈራቸው መደበቅን ተማሩ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ውሃንና መጸዳጃን በየቤቱ አስገባ። ቤቱ የታደለው ግን በዕጣ ነበር፤ ዕጣ ደግሞ ጎረቤትን ከጎረቤት ይለያል። ብዙ ባለዕድል ቤቱን አከራየ፤ ተከራዩም ኪራይ በተጨመረ ቍጥር ይለቅቃል። እንደ ጀሞና የካ አባዶ ባሉት ሠፈሮች ሥራው መሐል ከተማ የሆነ ወላጅ ማልዶ ወጥቶ ማታ ይመለሳል። በደረጃው ላይ የሚራወጠውን ልጅ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚቈጣ ቢገኝ «ምን አገባህ?» መባልን ይፈራል።

በፕላናችን ላይ የወለሉ ካሬ ሜትር፣ የብረቱና የኮንክሪቱ መጠን በጥንቃቄ ይሰላል፤ የልጆች መጫወቻ የተባለው ቦታ ግን ብዙ ጊዜ የመኪና ማቆሚያ ሆኖ ይቀራል። ከአራተኛ ፎቅ መስኮት ልጅን መጥራት ይቻላል፣ መገሠጽ ግን ያስቸግራል። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ እንደ ተነሡት ያሉ ነዋሪዎች ሲዛወሩ የአንድ ግቢ ሰዎችን በአንድ ደረጃ ማስፈር፣ የልብስ ማስጫውንም ከመጫወቻው ፊት ለፊት ማድረግ፣ የሲሚንቶ ወጪ አይጨምርም።