«ክፉ ገንዘብ ደጉን ያባርራል» እውነት ነውን?



መቼም አገራችን የተረት ደሃ አይደለችም። የእኛ ተረት ግን የተናጋሪው ስም የለውም፤ «አበው እንዳሉት» ብለን እናልፋለን። ፈረንጆች አንዳንዱን አባባል በሰው ስም ይጠሩታል። ከነዚህም አንዱ «የግሬሻም ሕግ» ነው፤ ክፉ ገንዘብ ደጉን ከገበያ ያባርራል ይላል። ግሬሻም በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረ የእንግሊዝ ነጋዴ ነው። አባባሉን በስሙ የጠራው ግን ማክሎድ የሚባል ሰው በ1858 እ.ኤ.አ. ነው። ነገሩንም ከግሬሻም በፊት ኮፐርኒከስ ጽፎታል። እንግዲህ ስሙ እንኳ ልክ አይደለም። ቁም ነገሩስ? በጎጃም ታሪክ እንመዝነው።

አባቶቻችን የሚያምኑት ገንዘብ ጠገራ ብር ነበር። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፣ 28 ግራም የሚመዝን ብር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ መልካቸው ያለበትን ብር ሲያወጡ እንኳ ገጠሩ ጠገራውን አልለቀቀም። ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ሊሬን በአዋጅ አስነገረ፤ ገበሬው ግን ወረቀቱን ናቀው። ጣሊያንም ሮም ላይ በሚያሳትመው ጠገራ መክፈሉን ሊተው አልቻለም። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ሲገቡም፣ አብሯቸው የዘመተው ጦር ወጪውን የሚከፍልበትን ጠገራ በግመል ጭኖ ነበር። እዚህ ላይ ደጉ ገንዘብ ነው ክፉውን ያባረረው።

በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በአዋጅ ወጣ። ወረቀቱን አልቀበልም ማለት ቀረ። ጠገራውስ ወዴት ሄደ? ከፊሉ ሣጥን ገባ፣ ከፊሉ አንጥረኛ ቤት ገብቶ መስቀልና ድሪ ሆነ። ገበያው ለወረቀቱ ቀረ። ያን ጊዜ አባባሉ እውነት ሆነ።

ከዚህ የምንረዳው፣ ክፉ ደጉን የሚያባርረው ሁለቱ በግድ እኩል ሲቆጠሩ ነው። ሰው መምረጥ ከቻለ ደጉን ይይዛል።

ይህ ለዕድራችንም ይሠራል። መዋጮውን በወሩ የሚከፍል፣ ድንኳን የሚተክል፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግድ አባል፣ ሐዘን ሲደርስበት ብቻ ከሚመጣው ጋር በመዝገብ እኩል ከተቆጠረ፣ ደጉ ቀስ እያለ መቅረቱ አይቀርም። እኛ በጸሐፊነት ዘመናችን መዝገብ ስናገላብጥ ደጋግመን ያየነው ይህንኑ ነው። ሟችማ አይቀጣም፤ ማንም ይሁን ማን በክብር እንቀብራለን። ቅጣቱ በሕይወት ላለነው ነውና፣ ደንባችን ላይ የተጻፈው ለሁላችንም ይከበር እንላለን።