ውሃው የማን ነው? ከጎንደር ቦይ እስከ አሽቀሎን ባሕር

በበጋ ማታ ማሪና ላይ ቁጭ ብለን ጋሪኒም ስንፈለፍል ዓይናችን የሚያርፈው ጀልባዎቹ ላይ ነው። ወደ ደቡብ ዞር ብትሉ ግን የኤሌክትሪክ ማመንጫው ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች ይታያሉ። በዚያ አካባቢ በ2005 ሥራ የጀመረ የባሕር ውሃ ማጣሪያ አለ። ሲከፈት በዓይነቱ ከዓለም ትልቁ ነበር። ዘንድሮ ለመጽሔታችን ስለ ውሃ መሐንዲስ ሥራ እንጻፍ ስንባባል ስለ ፓምፕና ስለ ቱቦ የምንጽፍ መስሎን ነበር። ታሪኩን ስናገላብጥ ግን አንድ ነገር ደጋግሞ መጣብን፤ ውሃ ማምጣት ግማሹ ሥራ ነው፣ የሚከብደው ማካፈሉ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ወላጆቻችን ከመጡበት አገር እንጀምር። በአማራ አገር ገበሬዎች ወንዝ ጠልፈው በሚያጠጡበት ቦታ «የውሃ አባት» የሚባል ሰው አለ። ገበሬዎቹ ራሳቸው ይመርጡታል። ተራ ያወጣል፣ ቦዩ በደለል ሲሞላ ሰው ጠርቶ ያስጠርጋል፣ ጠብ ሲነሳ ይዳኛል። ለምን አስፈለገ ብትሉ መልሱ አያ ጅቦ ተረት ውስጥ አለ። ከወንዙ ላይ ሆኖ የሚጠጣው ጅብ ከታች የምትጠጣውን አህያ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» አላት፤ እሷም «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው። ከላይ ያለ ሰው ሁልጊዜ ምክንያት አያጣም። የውሃ አባት የሚቆመው ከታች ላለው ነው።

ግን እውነቱን ሙሉ እንናገር። የመስኖ ተራ የሚሄደው ከማሳ ጋር ነው። እስከ 1975ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ጎንደር ውስጥ አብዛኞቹ የኛ ሰዎች ርስት አልነበራቸውም። የሰው መሬት እያረሱ፣ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩ ነው የኖሩት። ታዲያ የራሱ ማሳ የሌለው ሰው ስለ ውሃ ተራ ምን አፍ አለው? ይህን ነገር እዚህ ላይ ያዙልን፣ እንመለስበታለን።

አሁን ወደዚህ አገር እንምጣ። መኮሮት የተባለው የውሃ ድርጅት የተቋቋመው በ1937፣ መንግሥቱ ከመመሥረቱ 11 ዓመት በፊት ነው። በ1946 የኪፑር ጾም ባለቀበት ሌሊት ነጌቭ ውስጥ 11 ሰፈሮች በአንዴ ተተከሉ። ሰው ሰፈረ፣ ውሃ ግን አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት በመሐንዲሱ ስምኻ ብላስ ዕቅድ ከኒር ዓም ጉድጓዶች ወደ ደቡብ ቱቦ ተዘረጋ። ኒር ዓም እኮ ስዴሮት አጠገብ ነው፣ ከኛ ሩቅ አይደለም። ቱቦዎቹ በጦርነቱ ጊዜ ለንደን በቦምብ ስትቃጠል ለእሳት ማጥፊያ የተዘረጉ ነበሩ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ተገዝተው መጡ።

ከዚያ ሁሉ ግን እኛን ያስቆመን አንድ ወረቀት ነው፤ የ1959 የውሃ ሕግ። ሕጉ የአገሪቱ ውሃ የሕዝብ ሀብት ነው ይላል። ቀጥሎም የመሬት ባለቤት መሆን በዚያ መሬት ላይ ባለው ወይም በሚያልፈው ውሃ ላይ መብት አይሰጥም ይላል። ይህን አንቀጽ ስናነብ ትዝ ያሉን አያቶቻችን ናቸው። እዚያ መሬት የሌለው ተራ አልነበረውም፤ እዚህ ደግሞ ሕጉ ውሃውን ከመሬቱ ለየው። ልብ በሉ፣ ከኪኔሬት ወደ ደቡብ ውሃ የሚወስደው ትልቁ መስመር ተሠርቶ ያለቀው በ1964 ነው። የክፍፍሉ ሕግ ከመስመሩ 5 ዓመት ቀደመ ማለት ነው።

ያ መስመር 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኪኔሬት ከባሕር ወለል ከ200 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል ውሃው መጀመሪያ በፓምፕ ሽቅብ ይገፋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዛኛው ውሃ የሄደው ለእርሻ ነው። ዋጋም ተከፍሎበታል፤ ከጎረቤት አገሮች ጋር ከባድ ጭቅጭቅ አስነስቷል። ኪኔሬት ሲጠለፍ፣ ሶርያና ዮርዳኖስም ገባሮቹን ሲጠልፉ ደግሞ ከሐይቁ በታች ያለው የዮርዳኖስ ወንዝ መነመነ፣ ሙት ባሕርም እየሸሸ ነው። ከላይ የተጠለፈ ውሃ ከታች ይጎድላል፤ መንግሥት ሲሆንም ነገሩ ያው የአያ ጅቦ ነው።

የኛ የአሽቀሎን ማጣሪያ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው፣ ዝናብና ሐይቅ ብቻውን ስላልበቃ። የባሕሩን ውሃ ከ60 ባር በላይ በሆነ ግፊት በስስ ሽፋን ውስጥ ያሳልፉታል፤ ውሃው ያልፋል፣ ጨው ይቀራል። በዓመት ከ100 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ያመርታል። ባሕር ውስጥ ያለው ቦሮን የተባለ ንጥረ ነገር ብርቱካንን ስለሚጎዳ እሱም ተለይቶ እንዲወጣ ታቅዶ ነበር። ማንም በደንብ ያላሰበው ግን ማግኒዚየምን ነው። ማጣሪያው እሱንም አብሮ ይወስደዋል። በ2007 የእስራኤል ተመራማሪዎች እንደጻፉት በዚህ ውሃ የጠጡ ቲማቲምና ሌሎች አትክልቶች የማግኒዚየም እጥረት ምልክት አሳዩ። ለሰው ተብሎ የጠራው ውሃ ለተክሉ ጎደለበት። እንግዲህ ማጣሪያውንም ማሳውንም የሚያውቅ ሰው መሃል መቆም ነበረበት። የውሃ መሐንዲስ ማለት ያ ሰው ነው።

በሕዝብ የመስኖ ድርጅት ውስጥ ሥራው በየቀኑ ይህን ይመስላል፦ ቆጣሪ ማየት፣ ግፊት መለካት፣ የሚያፈስ ቱቦ መፈለግ፣ የየገበሬውን ኮታ መጠበቅ፣ ከመስመሩ ጫፍ ያለው ማሳ እንደ መጀመሪያው ማግኘቱን ማረጋገጥ። ኢትዮጵያም ውስጥ ጥያቄው ያው ነው። በሜጫ፣ መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ 7 ሺህ ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ ነው የተሠራው። ግድብ ብቻውን ግን ተራ አያወጣም። ገበሬዎች በማኅበር ሆነው መስኖን እንዲያስተዳድሩ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 841 በ2014 ወጥቷል። የውሃ አባት በሕግ ወንበር አገኘ ማለት ይቻላል።

ለእኩዮቻችን የምንለው አለን። ባግሩት ላይ ሒሳብና ፊዚክስ ሲከብዳችሁ «ይሄ የኛ አይደለም» አትበሉ። ቴክኒዮን የሚሰጠው የውሃ ምህንድስና ትምህርት ቁጥሩን ያስተምራችኋል፤ የማካፈሉን ነገር ግን ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ የሚያውቅ ሰው አለ። ውሃ የሕዝብ ነው ከተባለ፣ ክፍፍሉ በሚወሰንበት ጠረጴዛ ላይ የኛም ልጆች ይቀመጡ።

ወላጆቻችን ደግሞ፣ «እኛ ምን እናውቃለን» አትበሉን። በመንደራችሁ ተራ ማን ያወጣ ነበር? የሰረቀ እንዴት ይቀጣ ነበር? መሬት ያልነበረውስ ከየት ይጠጣ ነበር? በሰንበት ማታ ንገሩን፣ እኛ እንጽፈዋለን። የሚቀጥለው ዓመት መጽሔት ላይ ቦታ ይዘንላችኋል።