የሶኬት መፍቻ ራሶች ማኖሪያ
የሶኬት መፍቻ ራሶች ማኖሪያ፣ ብሎንና ዳዶ የሚፈቱባቸው ራሶች በመሣሪያ ከረጢት ውስጥ እንዳይበታተኑ በየመጠናቸው ተሰድረው የሚያርፉበት ተንቀሳቃሽ ዕቃ ነው። ግብሩ የሚመነጨው ራስና እጀታ ከመለያየታቸው ሲሆን፣ ይህንንም ሥርዓት በ1920 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በሚልዋኪ ከተማ የተመሠረተው ስናፕ ኦን ኩባንያ፣ 5 እጀታዎችን ከ10 ተለዋዋጭ ራሶች ጋር በመሸጥ አስፋፋው። ለከረጢት እጅግ የሚስማማው፣ ራሶቹን በአራት ማዕዘን ቀዳዳቸው በኩል አጥብቆ የሚይዝ የብረት ወይም የፕላስቲክ ሐዲድ ነው፤ ባለ 1/4፣ ባለ 3/8 እና ባለ 1/2 ኢንች ቀዳዳ ራሶች ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሐዲድ ይሻሉ፤ ዘወትር የሚፈለገው የ10 ሚሊ ሜትር ራስ ቢታጣ፣ ባዶ የቀረው መያዣ ጉድለቱን ወዲያው ይመሰክራል። ከሐዲዱ ሌላ ካሉት አማራጮች ማግኔታዊ መያዣ የብረት ብናኝ ይስባል፤ ጠንካራ ሣጥንም ስፍራ ያጣብባል።